ዘይነባና የተቆረጠው ምርቃት

የዘይነባን መሞት የሰማሁት ከስልክ ነው። መርዶ ነጋሪ አልመጣብኝም፣ ደጃፌን ያንኳኳ ሰው የለም። ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ወንዱ ልጄ ቤት ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ የልጅ ልጄ ሰብለ ስልኳን እንደያዘች መጣችና፣ «አያቴ፣ ያቺ ፒያሳ የነበረችው ወዳጅሽ...» ብላ ዝም አለች። ስልኩን አዞረችልኝ። ዘይነባ ናት። ያው ጥቁር ሻርፗ፣ ያው ልትስቅ ስትል አንድ ወገኑ ከፍ የሚለው ከንፈሯ። ከጎኗ ሻማ ሥለውባታል። ለአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ፣ ዘር ማንዘሯ ሙስሊም ለሆነች ልጅ፣ ሻማ ምን አመጣው? ሲያውቋት ኖረው ይሄን እንኳ አላወቁም።

«ከሥሩ ያለውን አንብቢልኝ» አልኳት።

«‹የደንበኞቻችን እውነተኛ ድምፅ የነበረችውን ታማኝ ባልደረባችንን በማጣታችን ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል› ይላል። ድርጅቱ ነው የጻፈው።»

«ባልደረባችን?»

«እንደሱ ይላል።»

«አባረዋት የለም እንዴ!»

ሰብለ ደነገጠች። እኔ ድምፄን ከፍ የማደርግ ሰው አይደለሁም። ልጆቼ «አንቺ እኮ እግርሽን የረገጠሽን ሰው ይቅርታ ትጠይቂያለሽ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ግን ሰፌዱ ከጭኔ ወርዶ ምስሩ ተበተነ፣ እኔም አልለቀምኩትም። ይሄንን የምጽፈው ስለዚያ ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል ያስቆጠረኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባሌ ነው። እጄ ሲዝል ሰብለ ትጽፍልኛለች። ቃሌን እንዳታሳምርብኝ አስምያታለሁ።

እኔ አንድ ቦታ አልረጋም። አዘዞ ሴቷ ልጄ ጋ እሰነብታለሁ፣ ማራኪ ወንዱ ጋ እከርማለሁ፣ ሲያምረኝ ደግሞ ዳባት ታናሽ እህቴ ጋ እወጣለሁ። የሚኒባስ ረዳቶች «እማማ ዛሬስ ወዴት ነው?» ብለው ይሳለቁብኛል። ዘይነባን ያወቅኋት አዘዞ ሳለሁ ነው፤ እሱም በስልክ።

ልጄ ጣሪያዋን አሳድሳ ነበር። አሁን ጊዜው ሌላ ሆኗል፤ ሠራተኛ መንገድ ዳር ከቆሙት መሃል አይመረጥም። ስልክ ሲከፈት ቀለም ቀቢው፣ ቧንቧ ሠሪው፣ ጣሪያ ሠሪው ፎቶው ከነኮከቡ ተደርድሯል። ከሥሩ ደግሞ ያሠሩት ሰዎች ያሉት ቃል አለ፤ አዲስ የሚያሠራ ሰው እሱን አይቶ ይቀጥራል። ልጄም እንደዚያው አድርጋ ደምሌ የሚባል ጣሪያ ሠሪ አመጣች። ሠርቶ፣ በልቶ፣ ተመርቆ ሄደ። ቆይቶ ስልክ ጮኸ። ልጄ ስልኳን ረስታ ሥራ ሄዳለች፣ እኔ አነሳሁት።

«እማማ፣ ከቤት እድሳቱ ድርጅት ነው፤ ዘይነባ እባላለሁ። የጣሪያው ሥራ እንዴት ሆነላችሁ?»

«ሸጋ ነው ልጄ። እግዜር ይስጠው።»

«ጎሽ። እማማ፣ ሲዘንብ ባልዲውን የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ከሳሎኑ በር ሥር፣ ከሶፋው አጠገ...» ብዬ አፌን ያዝኩ።

ሳቀች። ሳቋ ተጋብቶብኝ እኔም ሳቅኩ።

«እህሳ፣ ያፈሳላ።»

«ኧረ ተይ ልጄ! የሰው እንጀራ ነው። በሽበቴ የሰው እንጀራ ላይ ልቁም?»

«ቀጥላ የምታሠራዋ ሴትዮስ፣ እሷ እንጀራ አትበላም?»

ወዲያው የጻፈችውን አነበበችልኝ፦ «‹እግዜር ይስጠው ብለዋል። ጣሪያው ግን ከሳሎኑ በር ላይ ያፈሳል።› ልክ ነው እማማ?»

«ልክስ ልክ ነው። ምርቃቱን ብቻ እንዳታጠፊብኝ።»

«ምርቃቱ የሱ ነው፣ አልነካበትም። ፍሳሹ የሚቀጥለው ሰው ነው።»

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ። የኛ አገር ሰው በስልክ ተጠይቆ የሰው ነውር አያወራም። ደጃችን የገባን፣ ጠላችንን የቀመሰን ሰው እንዴት አድርገን እናማዋለን? ግድግዳው ተሰንጥቆ ጸሐይ እየገባ «ተመስገን» እንላለን። መጸዳጃ ቤቱ ወደ ሳሎን እየፈሰሰ «እጁን ይባርከው» እንላለን። ሌሎቹ ደዋዮች ይሄን ሰምተው አምስት ኮከብ ይሰጣሉ፣ ይዘጋሉ። ምርቃት ለኛ ሰላምታ እንጂ ምስክርነት እንዳልሆነ የገባት ዘይነባ ብቻ ናት። ስለዚህ «ሥራው ጥሩ ነው ወይ?» ብላ አትተውም ነበር። ቀለም ያስቀባውን «ነጭ ነጠላ ለብሳችሁ ግድግዳውን ትደገፉታላችሁ?» ትላለች። በር ያሠራውን «ሲዘጋ ትከሻ ይፈልጋል?» ትላለች። ሰው ውሸት ሳይናገር፣ ሐሜት ሳያወራ፣ እውነቱ ከቤቱ ወጥቶ ይመጣል።

ያቺን ሴትዮ ሳላያት አልቀርም አልኩ። ከአዘዞ ወደ ማራኪ ስሻገር ፒያሳ ወረድኩ። ቢሮው ከጫማ መሸጫ በላይ ነው፤ ደረጃውን ሳልጨርስ ድምጿን ለየሁት። ስልኩን ከጆሮዋና ከሻርፗ መሃል ሽጉጥ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ለመጻፊያው ለቃ፣ ጫማዋን ከወንበሩ ሥር አውልቃ ታወራለች። እኔ ወጣት ጠብቄ ነበር፤ እሷ ጎልማሳ ናት፣ ከሻርፗ ሥር ሽበት ብቅ ብሏል።

«የባልዲዋ እማማ ነኝ» አልኳት።

«እሰይ! ይቀመጡ። አሁንም ከበሩ ሥር ነው?»

ከዚያ ወዲያ ፒያሳ ሳልወርድ አላልፍም። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ጣቃውን ሲዘረጉ ብል የበላው ካለ መጀመሪያ እሱን ያሳዩ ነበር አለችኝ። ገበያተኛው አንዳንዱ ትቶ ይሄዳል፤ የገዛው ግን ተመልሶ አይጣላም። «አባባ ‹ነውሩን ከኔ አፍ ይስማው፣ ከቤቱ ሄዶ እንዳያገኘው› ይሉ ነበር» አለችኝ፣ ሻርፗን እያጠበቀች። ኮስተር ስትል ሻርፗን ማጥበቅ ልማዷ ነው።

ጠማማ አትምሰላችሁ። ሠራተኛ ሁሉ ሌባ ነው ከሚሉት ወገን አልነበረችም። አንዴ እዚህ ማራኪ ለተማሪዎች ቤት የሚያከራይ ሰውዬ አንዱን ቀለም ቀቢ «ግድግዳዬን አበላሸው» ብሎ ጻፈበት። ቀቢው ቢሮ መጥቶ አለቀሰ፤ ለካስ ባለቤቱ ራሱ እንዲበረክትለት ቀለሙን በውሃ አቅጥኖት ኖሯል። ዘይነባ በባጃጅ ሄዳ ግድግዳውን በእጇ ዳብሳ፣ የአከራዩንም የቀቢውንም ነገር ሰምታ ተመለሰች። የሰውየውን ቃል አጥፊው ቢሏት እምቢ አለች። የቀቢውን መልስ ከሥሩ ጻፈች። «ያንዱን ከሰረዝኩ የሌላውን ማን ያምነኛል? ሁለቱም ይናገሩ፤ የሚያነበው ሰው ጭንቅላት አለው» አለች። ቀቢው ሥራ አላጣም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

ከፋሲካ በኋላ ዳባት ወጣሁ። እህቴ የሺ ቆርቆሮዋን ዝገት በልቶት ወንፊት ሆኖባታል። የቤቱ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ የዳባት ክረምት ደግሞ ከነበረዶው ነው። ጭቃ ከላይ ውሃ ከጠጣ ክረምቱን አይሻገርም። ባሏ አያ መኮንን ወገቡን ከተመታ ወዲህ ከአልጋ አይነሳም፤ አልጋው ደግሞ ከዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ስገባ የሺ ፊቷ በርቶ ተቀበለችኝ።

«ጣሪያ ሠሪ አገኘን! ደምሌ የሚባል። ነገ ቆርቆሮውን ይዞ ይመጣል።»

«የትኛው ደምሌ?»

«አንቺ የመሰከርሽለት ነዋ! ልጄ በስልክ አነበበልኝ። ‹እማማ ጥሩወርቅ ከአዘዞ፣ እግዜር ይስጠው ብለዋል።› አምስት ኮከብ አለው። አንቺ ካልሽማ ብዬ ማንንም ሳላማርጥ ያዝኩት።»

«ሌላስ? ከዚያ ቀጥሎ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«የሺ፣ ያፈሳል ብያለሁ እኮ! አስጽፌያለሁ!»

«ታዲያ የታለ? አንቺ እዚህ ሌላ ትያለሽ፣ እዚያ ሌላ ተጽፏል። ሰውየውን ምን ብዬ ልመልሰው? ‹እህትሽ ራሷ መርቃኛለች› ቢለኝ አፌን በምን እከድነዋለሁ?»

አያ መኮንን ከአልጋው ሆኖ ጣሪያውን ያያል። 

ሲነጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎንደር ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የተቆጣሁት በዘይነባ ነው። ደረጃውን ወጥቼ ሰላም እንኳ ሳልላት፣ «ምነው ዘይነባ? ምነው ምርቃቴን አስቀርተሽ እውነቴን ዋጥሽው?» አልኳት።

የደምሌን ገጽ ከፈተችና አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከኔ ሥር የሌላዋን አየች፣ የሌላውንም። ደምሌን የሚመለከት ሁሉ ተቆርጧል። የሰው ምርቃት እንደ ፍሬ ተለቅሞ ተደርድሯል፣ እውነቱ እንደ ገለባ ተነፍቷል። ስልኩ ከሻርፗ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ናሆም!» ብላ ተጣራች።

ናሆም የድርጅቱ ባለቤትም ሥራ አስኪያጅም ነው፤ ልጅ እግር፣ ሽቶው ቀድሞት የሚመጣ፣ አንደበቱ ማር የሆነ። ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ።

«እማማ፣ ቃልዎን አልለወጥንም። አሳጠርነው እንጂ። ሰው ረጅም ነገር አያነብም።»

«ያፈሳል ማለት ረጅም ነው?»

«አቶ ደምሌ ትልቅ አጋራችን ናቸው። ደግሞ እርስዎ ራስዎ መርቀዋቸዋል፤ ይሄ የርስዎ ቃል ነው።»

«ልጄ፣ የአልጋ እግር ቆርጠህ አሳጠርኩት ብለህ በሽተኛ ታስተኛበታለህ?»

ፈገግ አለ። የአሮጊት ቀልድ መሰለው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የምሬን ተናግሬ አላውቅም። የኔ ምርቃት እኮ ነው! ደክሞ ለሚሄድ ሰው ከልቤ አውጥቼ የሰጠሁት ነው። ወስደው ወጥመድ ላይ እንደ ጥሬ በተኑት፤ የመጀመሪያዋ የገባችበት ደግሞ የእናቴ ልጅ ናት።

ዘይነባ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ናሆም።

«ወደ ቦታው እየመለስኩ።» ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች፦ «‹ጣሪያው ግን ያፈሳል። ይህ ቃል ተቆርጦ ነበር፤ የቆረጥነው እኛ ነን።›»

«ሰርዢው።»

«አልሰርዝም።»

«ዘይነባ፣ ድርጅቱ የኔ ነው።»

«ያንተ ነው። ቃሉ ግን የእማማ ነው።»

«እንግዲያው ቦርሳሽን ያዢ።»

ጫማዋን ከወንበሩ ሥር በእግሯ ፈልጋ አደረገች። ቦርሳዋን ያዘች። እኔ ደረጃው ላይ ስነፋረቅ፣ «ምን ያስለቅስዎታል? ይልቅ የዳባቱ ሚኒባስ ሳይሞላ እንሂድ» አለችኝ። ከመናኸሪያው ሳንወጣ ስልኳን ብታይ ቃሌ ዳግመኛ ተቆርጧል። ሚኒባሱ ውስጥ ሻርፗን አጥብቃ ተቀመጠች።

ስንደርስ ደምሌ ቆርቆሮውን ደጅ አራግፎ፣ ገብቶ ሽሮ እየበላ ነው። የሺ አጥብቃ ታጎርሰዋለች። አያችሁልኝ? ልትመልሰው እየፈለገች ታጎርሰዋለች! ዘይነባም እጇን ታጥባ ቀረበች፣ በላች፣ አመሰገነች። ከዚያ ነው የጠየቀችው።

«አያ ደምሌ፣ ካሠሩዎት አንዱን እዚሁ ብንጠይቅስ? እርስዎ ይምረጡ።»

«የፈለግሽውን ደውይ። አንድም የሚያማኝ የለም፤ ሁሉም መርቀው ነው የሸኙኝ» አለ፣ እጁን እየጠረገ። የአንዷን ስምና ስልክ ነገራት።

ዘይነባ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለች። ሴትዮዋ አነሳች። «አያ ደምሌ? ሸጋ ሰው! እግዜር ይስጠው» አለች። ደምሌ ኮራ ብሎ ሁላችንንም ተመለከተ። የሺ አንገቷን ደፋች።

«እትዬ፣ ሲዘንብ ባልዲ የት ታስቀምጪያለሽ?»

«ባልዲማ መች በቅቶኝ፤ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ነው የምደቅነው። አልጋውንም ወደ ማድ ቤት አዛወርነው። ምነው፣ ለምን ጠየቅሽኝ?»

ከአልጋው ወገን የአያ መኮንን ድምፅ መጣ።

«ደምሌ፣ እኔንስ ወዴት ልታዛውረኝ አስበህ ነበር?»

ደምሌ ብድግ አለ። «ታዲያ ምነው ለኔ አይነግሩኝም? አጉርሰው፣ መርቀው ይሸኙኛል፣ ከኋላዬ ሳፋ ይደቅናሉ! እኔ በምን ልወቅ?»

እውነት ለመናገር ይሄ አንጀቴን በላው። ዘይነባንም ነካት። «እሱስ እውነትዎን ነው» አለችው። «ተመልሰው እንዲያበጁት ብዬ ነበር የጻፍኩት። የቆረጡት ሰዎች እርስዎንም ነው የበደሉት።» አልሰማትም። ቆርቆሮውን አስጭኖ፣ «አፈር ያስበላችኝ ሴትዮ» እያለ ሄደ። የሺ ሌላ ሰው አግኝታ ክረምቱ ሳይገባ አሠራች፤ አያ መኮንን በደረቅ አልጋ ከረመ።

ዘይነባ ግን ዋጋዋን ከፈለች። ፒያሳ ላይ «ድርጅት የምታሳጣ» ተባለች፤ ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ ሸሻት። ወንድሟ ሱቅ ገብታ ጨርቅ ትለካ ጀመር። ብሶቷን ሳትነግረኝ ቀረች፤ ስጠይቃት «አባባ ሱቅ ተመለስኩ ምን ጎደለብኝ?» ትለኛለች። የሚገርመው፣ ሰው አልተዋትም። ገበያተኛው ሻሽ ሊገዛ ይመጣና «ዘይነባ፣ ግንበኛ ማንን ልያዝ?» ይላታል። እሷም ስሙን አትነግረውም፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ነው የምትነግረው። ከዚያ ኩላሊቷ ታመመ። እኔ ዳባት ሳለሁ ነው የጠናባት፤ ደህና ነኝ እያለች ታታልለኝ ነበር። እሷም ለካ እንደኛ «ተመስገን» ማለት ታውቅበት ኖሯል።

ያን ቀን ምስሩን እንደተበተነ ትቼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሰብለ ጋር አዲስ ዓለም ሄድኩ። እናቷ ሐጃ ሩቅያ ምንጣፉ ላይ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ከሴቶቹ ብዙዎቹን ድምፃቸውን ስሰማ አወቅኋቸው፤ ዘይነባ ስትደውልላቸው አጠገቧ ተቀምጬ የሰማኋቸው ናቸው። እቅፍ አድርገውኝ አለቀስን።

ብዙም ሳንቆይ ናሆም መጣ። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ፣ በካልሲው ገብቶ፣ ሐጃ ፊት ተንበረከከ። ፊቱን አሳዝኖ፣ «እናቴ፣ አላህ ያጽናዎት። ዘይነባ የድርጅታችን ኩራት ነበረች። ለደንበኛ ድምፅ የቆመች...» አለ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንደኛዋ «እግዜር ይስጥህ» ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት።

እኔ ቀደምኳት።

«ልጄ፣ አባረርኳት በል።»

«እማማ... ይሄ ቦታው አይደለም።»

«የኔን ብትቆርጠው ቆረጥከው። የሷን እናቷ ፊት አትቆርጠውም። አባረርኳት በል።»

የሚጮኸው ሰው እኔ መሆኔን ያወቅኩት ሰብለ ክንዴን ስትይዘኝ ነው። ደግ አልሠራሁም ብዬ ወደ ሐጃ ዞርኩ። እሳቸው ግን መቁጠሪያቸውን አቁመው ልጁን ትክ ብለው ያዩታል።

«እኔስ አውቀዋለሁ» አሉት ቀስ ብለው። «ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው የጠበቅኩህ።»

ናሆም «አባረርኳት» ሳይል ተነሣ፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ።

በኛ አገር ለቅሶ የመጣን ሰው እስከ ደጅ ሳይሸኙ አይቀመጥም፤ ጠላትም ቢሆን። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሴት አንዲት የተነሣች የለችም። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ጉልበቴን ይዤ ልነሣ ቃጣኝ። ከዚያ ተውኩት፤ ተቀመጥኩ።